ያላለቀች መንደር፦ የሴዛን «ጋርዳን» ሥዕሎችና ወደ ኋላ የማንበብ ችግር

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ሴዛን ከ1885 እስከ 1886 ባለው ጊዜ ውስጥ ለወራት ጋርዳን በተባለች የደቡብ ፈረንሳይ መንደር ተቀምጦ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጋርዳን ከትውልድ ከተማው ከኤክስ አን ፕሮቫንስ በስተደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ማርሴይ በሚያመራው አቅጣጫ፣ በጉብታ ላይ የተሠራች ናት። ሠዓሊው በዚያ ቆይታው መንደሪቱን በሦስት ሸራዎች ላይ ሥሏታል። ሁለቱ ቁመታቸው ከወርዳቸው የሚበልጥ ሲሆኑ አንደኛው በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም፣ ሁለተኛው በብሩክሊን ሙዚየም ይገኛሉ፤ አግድም የተዘረጋው ሦስተኛው ሸራ በፊላደልፊያ የባርንስ ፋውንዴሽን ንብረት ነው።

በሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት እነዚህ ሥራዎች ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ቦታ ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ያም ዓረፍተ ነገር ቤቶቹ እንደ ኩብ ተደራርበው በመታየታቸው ሥዕሎቹ ከሃያ ዓመታት በኋላ የተወለደውን ኩቢዝም አስቀድመው የጠቆሙ መሆናቸውን የሚናገር ነው። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ሆኖም ሁለት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ያልፋል። ኩቡ የማን ነው፣ የሠዓሊው ወይስ መንደሪቱን የሠሩት ግንበኞች? ሁለቱ ቋሚ ሸራዎች ሳይሞሉ የቀሩትስ ምን ስለሚያሳዩ ነው? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ሥዕሎቹን በኋላ ከመጣው ነገር ተነሥቶ ወደ ኋላ ማንበብ ሴዛን በጋርዳን የገጠመውን ችግር ከዓይን ይሰውራል የሚል ነው። ችግሩም አንድ መንደር ከቆመበት ምድር ጋር በአንድ ሸራ ላይ እንዴት ሊያያዝ እንደሚችል ማግኘት ነበር።

ቦታውና ዓመቱ

ሴዛን ወደ ጋርዳን የመጣው ከሆርተንስ ፊኬና በ1872 ከተወለደው ልጃቸው ከፖል ጋር ነው። በዚያ ዓመት በሕይወቱ ውስጥ ብዙ ነገር ተለዋውጧል። ሚያዝያ 4 ቀን 1886 ከጋርዳን ለልጅነት ጓደኛው ለደራሲው ኤሚል ዞላ አጭር የምስጋና ደብዳቤ ጻፈ፤ በዚያው ወር በ28ኛው ቀን ከሆርተንስ ጋር በኤክስ ጋብቻውን ፈጸመ፤ በጥቅምት ወርም ባለባንኩ አባቱ ሉዊ ኦጉስት ሞተ። አባቱ የተወው ሀብት ሠዓሊውን ቀሪ ዘመኑን ሥዕል ሸጦ ለመኖር ከመጨነቅ ገላግሎታል።

እነዚህን ክስተቶች ከሸራው ጋር በቀጥታ ማያያዝ ቀላል ነው፤ ብዙዎችም አድርገውታል። የመንደሪቱ ዝምታ የሠዓሊው ብቸኝነት ሆኖ ይተረጎማል፤ በሥዕሉ አናት ላይ የቆመው የቤተ ክርስቲያን ደወል ቤትም አንዳንድ ጊዜ በሕይወቱ ውስጥ የተፈለገ ጽናት ተደርጎ ይነበባል። እንዲህ ያለው ንባብ የሚስብ ቢሆንም ማስረጃ አይቀርብለትም፤ ደወል ቤቱ በጉብታው አናት ላይ የሚታየው ግንበኞቹ እዚያ ስላቆሙት ነው። ከሕይወት ታሪኩ ውስጥ ለሸራው የሚጠቅም አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም ከዞላ ደብዳቤ ጋር የተያያዘ ነው።

ሴዛን ያመሰገነው ዞላ «ሥራው» የተባለውን ልብ ወለድ ስለላከለት ነበር። ልብ ወለዱ ከታኅሣሥ 1885 እስከ መጋቢት 1886 «ዢል ብላስ» በተባለው ጋዜጣ በተከታታይ ከወጣ በኋላ በመጽሐፍ ታትሟል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ክሎድ ላንቲዬ ታላቅ ሥራውን ሊጨርስ ያልቻለ ሠዓሊ ነው፤ በመጨረሻም ካላለቀው ሸራው ፊት ራሱን ይሰቅላል። አንባቢዎች በላንቲዬ ውስጥ ሴዛንን አይተዋል። ለረጅም ጊዜ ይህ ደብዳቤ የሁለቱ ወዳጅነት ማብቂያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ ሴዛን በኅዳር 1887 ለዞላ የጻፈው ሌላ ደብዳቤ ከተገኘ ወዲህ ግን ያ ድምዳሜ አጠራጣሪ ሆኗል። ለዚህ ጥናት ከወዳጅነቱ ይልቅ የሚጠቅመው የጊዜው መገጣጠም ነው። አለመጨረስ የመክሸፍ ምልክት ሆኖ በአንድ ታዋቂ ልብ ወለድ በሚነገርበት ወቅት፣ ሴዛን በጋርዳን ሁለት ትልልቅ ሸራዎችን ሳይሞላቸው ትቷቸዋል።

ስለ ዘመኑ ስያሜም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ሴዛን «ድኅረ ኢምፕሬሽኒስት» የሚለውን መጠሪያ አልሰማውም። ቃሉን ያወጣው እንግሊዛዊው ሐያሲ ሮጀር ፍራይ ነው፤ ያወጣውም በ1910 በለንደን ግራፍተን ጋለሪ ለተዘጋጀ ዐውደ ርእይ ርእስ ሲፈልግ ነበር። ሴዛን ከሞተ ያን ጊዜ አራት ዓመት ሆኖታል። «ድኅረ» የሚለው ቅጥያ ቅደም ተከተልን ብቻ እንጂ ባሕርይን አይነግረንም፤ ሴዛንን፣ ቫን ጎግንና ጎጋንን በአንድ ጣሪያ ሥር ያስገባውም ይኸው ልልነቱ ነው። ወደ ኋላ የማንበብ ልማድ ገና ከስሙ ይጀምራል ማለት ይቻላል።

ሸራዎቹ

የሜትሮፖሊታኑ ሸራ 80 በ64 ሴንቲ ሜትር፣ የብሩክሊኑ 92 በ74 ያህል፣ የባርንሱ ደግሞ 65 በ100 ያህል ነው። እነዚህ ልኬቶች በዘፈቀደ የመጡ አይደሉም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ የቀለም ነጋዴዎች ተወጥረው የተዘጋጁ ሸራዎችን በቁጥርና በስም በተለዩ መደበኛ ልኬቶች ይሸጡ ነበር፤ ስሞቹም «ሰው»፣ «መልክዐ ምድር» እና «ባሕር» የሚሉ ነበሩ። ሁለቱ ቋሚ ሥዕሎች ከ25ኛውና ከ30ኛው የ«ሰው» ልኬት ጋር ይቀራረባሉ፤ አግድሙ ከ40ኛው የ«ባሕር» ልኬት ጋር ይገጥማል። ስያሜው ሠዓሊውን አያስርም፤ ሴዛን ራሱ የ«ሰው»ን ልኬት አጋድሞ ብዙ መልክዐ ምድር ሥሏል። በጋርዳን ግን ሸራውን ለቁም ምስል እንደሚቆመው አቁሞታል። መንደሪቱ እንደ ተቀመጠ ሰው ከታች ሰፍታ ወደ ላይ እየጠበበች ትሄዳለች፤ ደወል ቤቱም በራስ ቦታ ይመጣል።

በሁለቱም ቋሚ ሸራዎች ዓይን የሚገባው ከታች ነው፤ መግቢያ ግን አያገኝም። ከፊት ለፊት ዛፎችና ቁጥቋጦዎች አሉ፤ ከእነርሱ በላይ ቤቶቹ እርስ በርሳቸው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይወጣሉ። ተመልካቹን ይዞ ወደ መንደሩ የሚያስገባ መንገድ የለም። ይህን በ1873 ኦቬር ሱር ኧዋዝ ውስጥ ከተሣለው «የተሰቀለው ሰው ቤት» ጋር ማስተያየት ጠቃሚ ነው። ያ ሥዕል በ1874ቱ የመጀመሪያው የኢምፕሬሽኒስቶች ዐውደ ርእይ ቀርቦ ነበር፤ አሁን በፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። በዚያ ሥራ ዳገታማው መንገድ ከሸራው ግርጌ ተነሥቶ በቤቶቹ መካከል ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ተመልካቹ በእግሩ የሚሄድ ያህል ይሰማዋል። ሴዛን ይህን ከካሚዬ ፒሳሮ ጎን ሆኖ በሠራባቸው ዓመታት ተምሮታል፤ የመንደር መንገድ የፒሳሮ የዘወትር መግቢያ ነበርና። ከአሥራ ሁለት ዓመታት በኋላ በጋርዳን መንገዱ ተወግዷል። ከመንገዱ ጋር ጥልቀትን ለመፍጠር ያገለግል የነበረው ቀላሉ ዘዴም አብሮ ሄዷል።

ታዲያ ጥልቀቱ ከየት ይመጣል? ከቀለም ነው። ፀሐይ የመታቸው ግድግዳዎች ገርጣ ባለ ቢጫና በክሬም ቀለም፣ የጥላው ጎን በሰማያዊ ግራጫ፣ ጣሪያዎቹ በብርቱካናማ ቀይ ተሥለዋል። ሞቃቱና ቀዝቃዛው ቀለም በየግድግዳው ጥግ ሲገናኙ ማእዘን ይፈጥራሉ፤ ማእዘኑ የሚወለደው ከቀለሞቹ መጋጠም እንጂ ከተሰመረ መስመር ብቻ አይደለም። አረንጓዴው ዛፍ ደግሞ በቤትና በቤት መካከል እየገባ የአንዱን ግድግዳ ጫፍ ያደበዝዛል። በአንዳንድ ስፍራ የዛፉ አረንጓዴ ከጀርባው ካለው ጥላማ ግድግዳ ጋር ድንበር ሳያበጅ ይዋሐዳል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቃውንት ይህን ዘዴ በፈረንሳይኛ «ፓሳዥ» ይሉታል፤ በአማርኛ «መሸጋገሪያ» ብንለው አይርቅም። ቅርብና ሩቅ የሆኑ ሁለት ነገሮች በሸራው ገጽ ላይ እጅ ለእጅ የሚያያዙበት ቦታ ነው።

ኩቡ የማን ነው?

የፕሮቫንስ የመንደር ቤት በድንጋይ ተገንብቶ በልስን የሚሸፈን፣ ጣሪያው በሸክላ ክዳን የሚከደን፣ የጣሪያውም ተዳፋት ዝቅተኛ የሆነ ቤት ነው። ምክንያቱ ነፋስ ነው። ከሰሜን የሚነሣው «ሚስትራል» የተባለው ብርቱ ነፋስ ሾጣጣ ጣሪያን ስለሚጎዳ ግንበኞቹ ጣሪያውን ዝቅ አድርገው ሠርተዋል፤ በሰሜን በኩል ያለውን ግድግዳም ብዙውን ጊዜ ያለ መስኮት ወይም በጥቂት ትንንሽ መስኮቶች ይተዉታል። እንዲህ ያለው ቤት ከሩቅ ሲታይ ደፋ ያለ ክዳን ያለው ሳጥን ይመስላል። በጉብታ ላይ ተጠጋግተው ሲሠሩ ደግሞ ሳጥን በሳጥን ላይ የተነባበረ መምሰላቸው አይቀርም።

ስለዚህ የጋርዳን ኩቦች በመጀመሪያ ደረጃ የነፋስና የግንበኛ ሥራ ናቸው። ጆን ሪዋልድ በ1930ዎቹ ሴዛን የሣላቸውን ቦታዎች ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ አሜሪካዊው ሠዓሊ ኧርል ሎራንም በ1943 ባሳተመው የሴዛንን ጥንቅር በሚመረምር መጽሐፉ ፎቶግራፎችንና ሥዕሎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ አስተያይቷል። ከእንዲህ ዓይነቱ ማስተያየት የሚገኘው ዋና ትምህርት ሴዛን በሥፍራው ያለውን ነገር ሰዎች ከሚገምቱት በላይ የሚያከብር መሆኑ ነው። የሚለውጠው በአብዛኛው የነገሮቹን ቅርጽ ሳይሆን የሚዛናቸውን ግንኙነት ነው፤ ሩቁን ያቀርባል፣ ቅርቡን ዝቅ ያደርጋል፣ ማጋደልና መቀናት ያለባቸውን ጫፎች እንደ ጥንቅሩ ፍላጎት ያዘነብላል።

እዚህ ላይ የሎራን አካሄድ ገደብ እንዳለው መታወቅ አለበት። ሥዕላዊ ንድፎቹ በቀስትና በቁጥር የተሞሉ ስለሆኑ ሸራውን እንደ ምሕንድስና ፕላን ያስመስሉታል፤ ቀለምንም ወደ ጎን ይተዉታል። በጋርዳን ሥዕሎች ቀለምን ወደ ጎን መተው ሥዕሉን ወደ ጎን ከመተው አይለይም። ሆኖም ፎቶግራፎቹ የሰጡት አገልግሎት ትልቅ ነው፤ «ሴዛን ተፈጥሮን ወደ ጂኦሜትሪ ቀየረ» የሚለውን የተለመደ አባባል በማስረጃ ፊት አቁመውታልና።

ለዚያ አባባል ድጋፍ ሆኖ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ሴዛን በሚያዝያ 1904 ለወጣቱ ሠዓሊ ለኤሚል ቤርናር የጻፈው ደብዳቤ ነው። በዚያ ደብዳቤ ተፈጥሮን በሲሊንደር፣ በሉልና በኮን እንዲመለከት ይመክረዋል። ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ ደብዳቤው የተጻፈው ከጋርዳን ሥዕሎች ወደ አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ኩብ የለም። የተጠቀሱት ሦስቱም ቅርጾች ክብ ገጽ ያላቸው ናቸው፤ ገጻቸው ከዓይን እየራቀ ሲዞር ቀለማቸው ደረጃ በደረጃ የሚለወጥ ነው። ምክሩ የቀለም ደረጃን ለመማር የተሰጠ ምክር ተደርጎ ቢነበብ ከደብዳቤው ቀጣይ ክፍል ጋር ይበልጥ ይስማማል፤ በዚያ ሴዛን የሚናገረው ስለ ብርሃን ንዝረትና አየርን ለማሳየት ስለሚያስፈልገው ሰማያዊ ቀለም ነው።

ሳይሞላ የቀረው

የብሩክሊኑ ሸራ ለተመራማሪ ከሦስቱ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሠዓሊው የሄደበትን መንገድ ሳይሸፍን ትቶታልና። ሙዚየሙ የሥራውን ማቴሪያል የዘይት ቀለምና የኮንቴ እርሳስ ብሎ ይመዘግበዋል። በእርሳሱ የተጣሉት መስመሮች የቤቶቹን አቀማመጥ ይጠቁማሉ፤ ከዚያ በላይ ቀጭን ቀለም ተቀብቷል። ከሸራው ግርጌ አካባቢ ደግሞ ነጣ ያለው የሸራ ዝግጅት ገላጣውን ይታያል። የሜትሮፖሊታኑም ሸራ ያልተቀቡ ክፍሎች አሉት። በአንጻሩ አግድሙ የባርንስ ሥዕል ከሁለቱ ይበልጥ የተሞላ ነው።

ከዚህ የምንረዳው የሥራ ቅደም ተከተል አለ። ሴዛን በሥልጠና ትምህርት ቤት እንደሚሰጠው ልማድ ሸራውን በሙሉ በጥቁርና በነጭ ደረጃ ሸፍኖ ቀለምን ኋላ የሚጨምር ሠዓሊ አልነበረም። ከመሐል፣ ማለትም ቤቶች ከሚጋጠሙበት፣ ጀምሮ ወደ ዳር ይሠራል። ከአንዱ ጣሪያና ከአጠገቡ ካለው ግድግዳ ጋር የሚስማማው የቀለም ዝምድና ሲገኝ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሸራው በሁሉም አቅጣጫ ቀስ እያለ ይሰፋል እንጂ በየደረጃው በእኩል አይሸፈንም። ቴዎዶር ረፍ በ1962 ባሳተመው ጥናት «ገንቢ የቡሩሽ ምት» ብሎ የሰየመው፣ ጎን ለጎን በአንድ አቅጣጫ የሚሰመረው የቡሩሽ አሠራር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ጎልቶ ይታይ ነበር። በጋርዳን ግን ይህ ወጥ ምት ላላ ብሏል። ግድግዳው በሰፊ ጠፍጣፋ ቅብ፣ ዛፉ በአጫጭርና ዘንበል ባሉ ምቶች ይሠራል፤ አንድ ወጥ የቡሩሽ ሕግ ሁሉን እንዲያስተሳስር ከማድረግ ይልቅ ማስተሳሰሩ ለቀለም ብቻ ተትቷል። ይህም ሥራውን ይበልጥ አስቸጋሪ አድርጎታል።

አስቸጋሪነቱን ለመረዳት አንድ ኋላ የተነገረ ምስክርነት ይረዳል። የሥዕል ነጋዴው አምብሯዝ ቮላር በ1899 ለቁም ምስሉ ከመቶ ጊዜ በላይ እንደተቀመጠ ጽፏል። በሥዕሉ ላይ በእጁ አካባቢ ሁለት ያልተቀቡ ነጥቦች ቀርተው ስለነበር ስለ እነርሱ ሲጠይቅ፣ ሴዛን ተገቢውን ቀለም ሳያገኝ እንዲያው አንድ ነገር ቢያደርግባቸው ከዚያ ተነሥቶ ሥዕሉን በሙሉ እንደገና መሥራት ሊኖርበት እንደሚችል መልሶለታል። ቮላር ወግ አሳማሪ ነበርና ቃል በቃል ማመን አያስፈልግም። የነገሩ አመክንዮ ግን ከሸራዎቹ ጋር ይስማማል። እያንዳንዱ ቅብ ትክክለኛነቱን የሚያገኘው በአጠገቡ ካሉት ሁሉ ጋር ባለው ዝምድና ከሆነ፣ አንድ የተሳሳተ ቅብ የሚያበላሸው የራሱን ቦታ ብቻ አይደለም። እንዲህ በሆነ ጊዜ ባዶ መተው ከስንፍና ወይም ከችሎታ ማነስ አይመጣም፤ ያልተረጋገጠን ነገር ላለመናገር ከመጠንቀቅ ይመጣል።

በጋርዳን ባዶው ሸራ ሌላም ሥራ ይሠራል። ከግርጌ ያለው ክፍል የመንደሪቱ መሠረት ነው፤ በተለመደው የመልክዐ ምድር ሥዕል ይህ ክፍል በዝርዝር የሚሞላ፣ ዓይንን የሚያስገባ መድረክ ይሆናል። እዚህ ግን ከሁሉ ይልቅ ያልተወሰነው ክፍል እርሱ ነው። ከላይ ያሉት ቤቶች በግልጽ የቆሙ ሲሆኑ የቆሙበት መሬት ገና ይፈለጋል። ቤቶቹ እርስ በርሳቸው የሚያያዙበት ዘዴ ተገኝቷል፤ ከጉብታው ጋር የሚያያዙበት ዘዴ ግን በሁለቱ ቋሚ ሸራዎች እስከ መጨረሻው አልተገኘም። የባርንሱ ሥዕል አግድም መሆኑ ይህን ችግር ያቀለዋል። መሬቱ ወደ ጎን ሲዘረጋ መንደሪቱ የምትደገፍበት ሰፊ መደብ ታገኛለች፤ ቀጥ ያለው ዳገትም ይለዝባል። ሦስቱ ሸራዎች በምን ቅደም ተከተል እንደተሠሩ ሳንወስን እንኳ፣ የልኬት ለውጡ ለአንድ ችግር የተሰጡ የተለያዩ ሙከራዎች መሆናቸውን ያመለክታል።

ከ1908 ወደ ኋላ

ዦርዥ ብራክ በ1908 በጋ በሌስታክ የሣላቸውን መልክዐ ምድሮች በዚያው ዓመት ኅዳር በዳኒኤል ሄንሪ ካንቫይለር ጋለሪ አሳየ። ሐያሲው ሉዊ ቮክሴል ሠዓሊው ቦታንም ሰውንም ቤትንም ወደ ኩብ እንደሚያወርድ ጻፈ፤ የእንቅስቃሴው ስም ከዚያ ወጣ። (ጽሑፉ የታተመው በ«ዢል ብላስ» ነው፤ ከሃያ ሁለት ዓመታት በፊት የዞላን ልብ ወለድ በተከታታይ ያወጣው ያው ጋዜጣ። አንድ ጋዜጣ ለሴዛን ሁለት ተቃራኒ ዕጣዎችን ማደሉ የታሪክ ቀልድ ይመስላል።) ብራክ በ1907ቱ የመጸው ሳሎን የቀረበውን ትልቅ የሴዛን መታሰቢያ ዐውደ ርእይ ካየ በኋላ የሴዛንን ቦታ ፈልጎ መሄዱ የማይካድ ነው። ዝምድናው እውነተኛ ነው።

ልዩነቱ ግን ከዝምድናው ያልተናነሰ ይናገራል። አሁን በበርን የሥነ ጥበብ ሙዚየም በሚገኘው የብራክ «ቤቶች በሌስታክ» ሰማይ የለም፤ ቤቶቹ በርም መስኮትም የላቸውም፤ ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ ስለማይመጣ ጥላው ሰዓትን አይናገርም። ቤቶቹ ከመሬት ተነቅለው ከሸራው ጫፍ እስከ ጫፍ ተከምረዋል። በጋርዳን ሰማይ አለ፤ ጥቂትም ቢሆኑ መስኮቶች አሉ፤ የግድግዳዎቹ ብርሃንና ጥላ የአንድ ፀሐይ ነው። ብራክ የተወው በትክክል ሴዛን ሊፈታው ሲታገል የነበረውን ጥያቄ ነው። መንደሩ የት እንደቆመ መጠየቅ ሲቀር ኩቦቹ ነፃ ይወጣሉ፤ ኩቢዝምም የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዚህ ረገድ የብራክ ሥዕል የጋርዳን ቀጣይ ምዕራፍ ከሚባል ይልቅ ከጋርዳን ጥያቄ ግማሹን የጣለ ሥራ ቢባል ይቀርባል።

አልፍሬድ ባር በ1936 በኒው ዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም «ኩቢዝምና ረቂቅ ሥነ ጥበብ» ለተባለው ዐውደ ርእይ ያዘጋጀው ሥዕላዊ ሠንጠረዥ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። በሠንጠረዡ የሴዛን ስም ከላይ ተቀምጦ ከእርሱ የሚወጣው ቀስት በቀጥታ ወደ ኩቢዝም ይወርዳል። ሠንጠረዡ ለማስተማር ምቹ ስለሆነ በየትምህርት ቤቱ ተሰራጭቷል፤ ቀስቱም ቀስ በቀስ ከማስረጃ ይልቅ ልማድ ሆኗል። ለዞላ ያላለቀ ሸራ የክሽፈት ምልክት ነበር፤ ለባር ቀስት የሌላ ነገር መጀመሪያ ነው። ሁለቱም ሸራውን የሚመዝኑት በሌለው ነገር ነው፤ አንዱ ሊሆን በሚገባው፣ ሌላው ኋላ በሆነው።

ከሥዕሉ ውጭ የቀረ ሌላም ነገር አለ። ጋርዳን በሴዛን ዘመን የሊኛይት ከሰል የሚቆፈርባት ምድር ነበረች፤ ማርሴይን ከኤክስ የሚያገናኘው የባቡር መሥመርም ከ1877 ጀምሮ በዚያ ያልፍ ነበር። ሠዓሊው ከሄደ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1890ዎቹ አጋማሽ፣ ከቦክሳይት አሉሚና የሚያወጣ ፋብሪካ ተቋቁሟል። በቋሚዎቹ ሸራዎች ከዚህ ሁሉ ምንም አይታይም፤ ሰውም አይታይም። ይህን ሆን ተብሎ ከኢንዱስትሪ እንደ መሸሽ ብቻ መቁጠር ያስቸግራል፤ ሴዛን በዚያው አሥርት ዓመታት በሌስታክ የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎችን በሥዕሎቹ ውስጥ አስገብቷልና። በጋርዳን የመረጠው ክፈፍ ግን አሮጌውን የጉብታ ሰፈር ብቻ ቆርጦ የሚያወጣ ነው። ምርጫው ከቋሚው ልኬት ጋር ይሄዳል፤ ሸራው ሲቆም የከሰሉ ሜዳ ከዳርና ከዳር ይወድቃል። የጋርዳንን የማዕድን ታሪክ ከሴዛን ሥዕሎች ጋር አገናኝቶ የሚመረምር ተማሪ ከዚህ ቢጀምር ብዙ ሥራ ያገኛል።

በመጨረሻ የሚነሣው ነገር ሥዕሎቹን በኅትመት ብቻ የሚያጠናውን ይመለከታል። በትንሽ መጠን በታተመ ቅጂ ላይ ገላጣው ሸራ እና ፀሐይ የመታው ግድግዳ ቀለማቸው ተመሳሳይ ሆኖ ይታያል፤ ያልተቀባው ክፍል የተቀባ፣ ባዶው ግርጌ ፈዛዛ መሬት ይመስላል። ብዙ የክፍል ውስጥ ትንታኔዎች በዚህ ምክንያት «የመንደሪቱ ፈዛዛ ሜዳ» ብለው የሚገልጹት ነገር ሜዳ ሳይሆን ቡሩሽ ያልነካው ሸራ ነው። ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የራሱን «ጋርዳን» በከፍተኛ ጥራት በነፃ አቅርቦታል። ምስሉን አጉልቶ የቅቡን ጠርዝ መከተል ከየትኛው ቤት ላይ ቀለሙ እንደቆመና ከየትኛው ዛፍ በኋላ ሸራው ብቻውን እንደቀረ ያሳያል።